ለሲዲ4 የትኛውን አንቲቦዲ እንግዛ? ከዋጋው በፊት ክሎኑን እዩ

የሰው ሲዲ4ን (ቲ ሴል በሚባሉት የበሽታ መከላከያ ነጭ የደም ሴሎች ከፊሎቹ ገጽ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው) የሚለይ አንቲቦዲ፣ ማለትም ዒላማውን መርጦ የሚይዝ ፕሮቲን፣ ልግዛ ብላችሁ የአንዱን ትልቅ አምራች ካታሎግ ስትከፍቱ ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም። የምትፈልጉት ፕሮቲን አንድ ነው። ግን አንዱ ብልቃጥ ላይ ኦኬቲ4 ይላል፣ ሌላው ላይ አርፒኤ-ቲ4፣ ሌላው ላይ ኤስኬ3፣ ሌላው ላይ ኤል200፤ እነዚህ የክሎን ስሞች ናቸው፣ ትርጉሙን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። እያንዳንዳቸው ደግሞ በአስራ ምናምን የሚያበራ ቀለም ይመጣሉ። ብዙ ቦታ የሚደረገው ይታወቃል፦ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ርካሹ ይመረጣል፣ አለቀ። ክሎኑን ሳያዩ መግዛት ግን አደጋ አለው፣ በተለይ የአፍሪካ ሰው ናሙና ለምንመረምር ለእኛ።

ይህን የምጽፈው ፍሎው ሳይቶሜትሪ (በሚያበራ ቀለም የተቀቡ ሴሎችን በሌዘር አንድ በአንድ የሚለይ ምርመራ) ለሚሠሩ ነው። የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች፣ የላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ለግዢ ክፍል ስፔሲፊኬሽን ጻፉ የተባላችሁ ሁሉ። ሲዲ4ን ምሳሌ ያደረግሁት ብዙዎቻችን የምንሠራበት ስለሆነ ነው። አመራረጡ ግን ለሲዲ3ም፣ ለሲዲ8ም፣ ለሌሎቹም የሴል ገጽ ፕሮቲኖች ይሠራል። የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ክሎን፣ ቀጥሎ ማሽናችሁና ቀለሙ፣ ከዚያ ናሙናውና የሥራው ዓይነት፣ ዋጋ መጨረሻ።

ክሎን ሲባል

እ.ኤ.አ. በ1975 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመተ ምሕረቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኮለር እና ሚልስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች አንቲቦዲ የሚያመርት ሴል ወስደው ከማይሞት የካንሰር ሴል ጋር አዋሃዱ። የተገኘው ድቅል ሴል እየተባዛ ይኖራል፣ የሚያመርተውም አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ነው። በ1984 ኖቤል የተሸለሙት ለዚህ ሥራቸው ነው። ክሎን የምንለው ከአንዲት እንዲህ ካለች ሴል የተራባውን ዘር በሙሉ ነው።

ስለዚህ ኤስኬ3ን ከየትኛውም ኩባንያ ብትገዙ ሲዲ4 ላይ የሚይዘው ቦታ ያው ነው። የሚለያየው የቀለሙ አሠራር፣ መጠኑ፣ ንጽሕናው ነው። ከአንድ ኩባንያ የገዛችኋቸው ሁለት ክሎኖች ግን ሁለት የተለያየ ቦታ ሊይዙ ይችላሉ። «እኛ የምንጠቀመው የእነ እከሌን ነው» የሚል ሰው ስለ አንቲቦዲው ገና ምንም አልነገራችሁም። ክሎኑን ጠይቁት።

ሲዲ4 ከሴሉ ውጭ ያለው ክፍሉ አራት ክፍልፋይ አለው፤ ከላይ ወደ ታች ዲ1፣ ዲ2፣ ዲ3፣ ዲ4 ይባላሉ። ኤችአይቪ ሴሉን ለመያዝ ጂፒ120 በሚባለው ፕሮቲኑ የሚጨብጠው ጫፉ ላይ ያለውን ዲ1ን ነው። አንቲቦዲዎቹም እንዲሁ ክፍልፋይ ይመርጣሉ። ልዩነታቸው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ኦኬቲ4፦ የታወቀ፣ ግን ለእኛ ብቻውን የማይበቃ

ኦኬቲ4 ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። የቤተሰቡ አባል ኦኬቲ3 የሲዲ3 አንቲቦዲ ሲሆን በ1986 ለኩላሊት ንቅለ ተከላ መድኃኒት ሆኖ በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ለሰው ሕክምና የተፈቀደ የመጀመሪያው ሞኖክሎናል አንቲቦዲ እሱ ነው። ኦኬቲ4 የሚይዘው ዲ3ን ነው። ከቫይረሱ መያዣ ቦታ ስለሚርቅ ጂፒ120ን አያግድም። ይህ ለአንዳንድ የኤችአይቪ ምርምር ትልቅ ጥቅም ነው፣ ቫይረሱ ዲ1ን ይዞት እያለ እንኳ ሲዲ4ን ማየት ትችላላችሁና።

ችግሩ ሌላ ነው። አንዳንድ ሰዎች በዲ3 ላይ አንድ አሚኖ አሲድ በተፈጥሮ ተለውጦባቸዋል፤ 240ኛው ቦታ ላይ አርጂኒን መኖር ሲገባው ትሪፕቶፋን አለ። ሰውየው ጤነኛ ነው። ሲዲ4 ሴሎቹም በቁጥርም በሥራም ደህና ናቸው። ኦኬቲ4 ግን አያያቸውም። ለውጡን ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ ሰው በኦኬቲ4 ብቻ ቢመረመር ሲዲ4 የሌለው ይመስላል። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ደግሞ ብርሃኑ ወደ ግማሽ ዝቅ ይልበታል። ይህ ነገር በጃፓናውያንና በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ እንዳለ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተመዝግቧል።

አስቡት እስኪ። የሲዲ4 ቁጥር በምንም መልኩ ተራ ቁጥር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ሁሉ ቁጥሩ ሳይጠበቅ መድኃኒት ይጀምር ካለ ወዲህ መድኃኒት ለማስጀመር መቁጠር ቀርቷል። ነገር ግን ሕመሙ የጠናበትን ታካሚ ለመለየት፣ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ200 በታች የወረደውን ለመያዝ፣ አሁንም ያስፈልጋል። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ሰው በአሚኖ አሲድ ለውጥ ብቻ «ሲዲ4 የለውም» ቢባል ቀልድ አይደለም።

እንዴት ትይዙታላችሁ? ሲዲ3 የቲ ሴል ሁሉ ምልክት ነውና ሲዲ3 ያላቸውን ቲ ሴሎች ለዩና የሲዲ4ን መቶኛ ከሲዲ8 መቶኛ ጋር ደምሩ። ድምሩ ከሲዲ3 ጋር መቀራረብ አለበት። ሁለቱንም የማይዙ ጥቂት ቲ ሴሎች ሁልጊዜ ይኖራሉ፣ ያ የተለመደ ነው። ድምሩ በጣም ከጎደለና ሲዲ3 ኖሯቸው ሲዲ4ም ሲዲ8ም የሌላቸው ብዙ ሴሎች ባንድ ቦታ ተሰብስበው ካያችሁ ግን ክሎኑን ጠርጥሩ። ያንኑ ናሙና በኤስኬ3 ወይም በአርፒኤ-ቲ4 ድገሙት። ሴሎቹ ብቅ ካሉ ነገሩ ተፈታ።

እና ኦኬቲ4ን አትግዙ ማለቴ ነው? አይደለም። እንደ ሁለተኛ አንቲቦዲ በጣም ጥሩ ነው፣ ዲ1ን ከሚይዙት ጋር ቦታ አይሻሙም። ዋናው ቆጣሪያችሁ አድርጋችሁ ግን አትመኩበት።

ኤስኬ3 ወይስ አርፒኤ-ቲ4?

ለዕለት ሥራ ምርጫው በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ሁለቱም ኢሙኖግሎቡሊን ጂ1 የሚባል ዓይነት የአይጥ አንቲቦዲ ናቸው፣ ሁለቱም ጂፒ120ን ያግዳሉ። ያ የዲ3 ለውጥ ሁለቱንም አያውካቸውም።

ኤስኬ3 በቀድሞ ስሙ ሌው-3ኤ ይባላል። ቢዲ የተባለው ኩባንያ መልቲቴስት ብሎ የሚሸጠው፣ ሲዲ3ን፣ ሲዲ8ን፣ ሲዲ45ንና ሲዲ4ን ባንድ ላይ የያዘው ጥቅል የሚጠቀመው እሱን ነው። የሆስፒታል ታሪክ ያለው ክሎን ነው ማለት ይቻላል። ውጤታችሁን ከክሊኒክ ቁጥር ጋር የምታነጻጽሩ ከሆነ ኤስኬ3ን ውሰዱ፤ ቢያንስ አንዱ የልዩነት ምንጭ ይቀንስላችኋል። አርፒኤ-ቲ4 በምርምር ላብራቶሪዎች በጣም የተለመደ ነው፣ በየቀለሙ ይገኛል፣ ዋጋ ለመከራከርም ይመቻል፤ አምራቹ ብዙ ነውና። ከጤነኛ ሰው የተወሰደ ትኩስ ደም ላይ ሁለቱም ሥራቸውን ይሠራሉ። እዚህ ጋ ብዙ አትጨነቁ።

የጦጣ ደም የምትሠሩ ከሆነ ጨዋታው ይለወጣል። አርፒኤ-ቲ4 ሪሰስ ጦጣ ላይ አያዋጣም፣ ኤል200 እና ኦኬቲ4 ግን ይሠራሉ። ለሲዲ3ም ተመሳሳይ ነው፤ ለሰው ደህና የሆኑት ዩሲኤችቲ1 እና ኤስኬ7 ጦጣ ላይ አይሆኑም፣ ኤስፒ34-2 ይሆናል። በፓራፊን የተቀበረ ቲሹ ላይ ለምትሠሩ ፓቶሎጂስቶች ደግሞ ከላይ ያልኳችሁን ሁሉ ተዉት፤ ፎርማሊን የነካው ፕሮቲን ቅርጹ ይለወጣልና ለዚያ ሥራ የሚታወቁ እንደ 4ቢ12 ያሉ ሌሎች ክሎኖች አሉ።

መድኃኒት ቦታውን ሲይዝባችሁ

ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሕመምተኛው አንቲቦዲ መድኃኒት እየወሰደ ከሆነ መድኃኒቱ ራሱ እናንተ የምትፈልጉትን ቦታ ይዞት ሊጠብቃችሁ ይችላል። ሲዲ20ን የሚይዘውን ሪቱክሲማብን የወሰደ ሰው ላይ ሲዲ20ን ፈልጋችሁ ብታጡ ቢ ሴል የለም ማለት ላይሆን ይችላል፤ በሌላው የቢ ሴል ምልክት በሲዲ19 እዩት። ሲዲ38ን የሚይዘውን ዳራቱሙማብን የሚወስድ የማይሎማ (የደም ካንሰር ዓይነት) ታካሚ ላይ ሲዲ38 እንዲሁ ይሸፈናል። አይጥ የምትሠሩ ደግሞ ሲዲ4 ሴሎችን ጂኬ1.5 በተባለው ክሎን ካጠፋችሁ በኋላ መጥፋታቸውን በዚያው በጂኬ1.5 ወይም በአርኤም4-5 ማረጋገጥ ዋጋ የለውም፣ ቦታቸው አንድ ነው። አርኤም4-4 የሚይዘው ሌላ ቦታ ስለሆነ ለዚህ እሱን ግዙ።

ቀለሙን ማሽናችሁ ነው የሚመርጠው

ክሎኑ ከተወሰነ በኋላ ቀለም። መጀመሪያ የማሽኑን ሌዘር እወቁ። ፋክስካሊበር የተባለው ማሽን ያላችሁ 488 እና 635 ናኖሜትር ሌዘር ብቻ ነው ያላችሁ። ቢቪ421 የተባለው ቀለም የቱንም ያህል ደማቅ ቢሆን 405 ሌዘር ይፈልጋልና ለእናንተ ውኃ ነው። ይህን የማያይ የግዢ ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሚጻፍ ብታውቁ ያሳዝናል፣ ዕቃው ከመጣ በኋላ መመለሻ የለውም።

ሁለተኛው ደንብ ቀላል ነው። በሴሉ ላይ ብዙ ያለ ፕሮቲን ደብዛዛ ቀለም ይበቃዋል፤ ጥቂት ያለው ደማቅ ቀለም ይፈልጋል። በአንድ የቲ ሴል ላይ ሲዲ4 በአስር ሺዎች ይቆጠራል። ስለዚህ ኤፍአይቲሲ የተባለው ደብዘዝ ያለ ቀለም ይበቃዋል። ፒኢ የተባለውን ደማቅ ቀለም ለሲዲ4 ሰጥታችሁ በሴሉ ላይ ጥቂት ለሆኑት ለሲዲ25 ወይም ለፒዲ-1 ኤፍአይቲሲ ብታስቀሩ ግን ትጸጸታላችሁ፤ ኤፍአይቲሲ የሚታይበት አረንጓዴው መስኮት ሴሎቹ በራሳቸው የሚያበሩበት ነው፣ ደካማ ምልክት እዚያ ይዋጣል። ፒኢ በ578 ናኖሜትር አካባቢ ያበራል፣ ኤፒሲ ደግሞ በ660፤ ሁለቱም ደማቅ ናቸው፣ ለቸገራችሁ ፕሮቲን አስቀምጧቸው።

ሁለት ቀለም ተያይዞ የተሠሩ ጥንድ ቀለሞች፣ እንደ ፒኢ-ሳይ7 እና ኤፒሲ-ሳይ7 ያሉት፣ ለብዙ ቀለም ሥራ ያስፈልጋሉ ግን ስስ ናቸው። ብርሃን ያበላሻቸዋል። በፓራፎርማልዲሃይድ ፊክስ ተደርገው (ሴሉ ባለበት እንዲቆይ በኬሚካል ተይዞ) ሲቆዩም ይፈርሳሉ። ሲፈርሱ ፒኢ-ሳይ7 እንደ ተራ ፒኢ ማብራት ይጀምራል፣ እናንተም ያልነበረ ሴል ታያላችሁ። ስለዚህ ቀለም ቀብታችሁ ማሽን ላይ ለመድረስ ሰዓታት የሚፈጅባችሁ ከሆነ፣ ወይም ናሙና ከክልል ተልኮ የሚመጣላችሁ ከሆነ፣ ጥንድ ቀለሞችን ቀንሱ። ሁለትና ከዚያ በላይ የብሪሊያንት ቤተሰብ ቀለም (ቢቪ421 አንዱ ነው) ባንድ ቱቦ ከተጠቀማችሁ ለእነሱ የተሠራውን ልዩ ቡፈር አብራችሁ እዘዙ፤ አለበለዚያ ቀለሞቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ሚታኖል የሚገባበት ሥራ ካላችሁ ፒኢንና ኤፒሲን ከሚታኖሉ በፊት አትቀቡ፣ ሁለቱም ፕሮቲን ስለሆኑ ይሞታሉ።

ሲዲ4 ብቻውን አይቆጠርም

ሞኖሳይት የተባለው ሌላ ነጭ የደም ሴልም ሲዲ4 አለው፣ ከቲ ሴል ያነሰ ቢሆንም። ቲ ሴል ካልሆኑት የመከላከያ ሴሎች፣ ከኤንኬ ሴሎች፣ ከፊሎቹም ደብዘዝ ያለ ሲዲ8 ይይዛሉ። ስለዚህ በጀቱ ጠባብ ነው ብላችሁ የሲዲ4 አንቲቦዲ ብቻ አትግዙ። ሲዲ3 የግድ ነው። ሲዲ45 ከተጨመረ ከቀይ የደም ሴል ፍርስራሽ ነጩን ለመለየት ይረዳል። የምትፈልጉት በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ያለውን ትክክለኛ ቁጥር ከሆነ ቁጥራቸው የታወቀ ጥቃቅን እንክብሎች (ቢድስ) ያለበት ቱቦ ያስፈልጋል፤ መቶኛ ብቻውን ቁጥር አይሰጥም።

እዚህ ጋ የአገራችንን ነገር ላንሳ። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ኤችአይቪ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን የሲዲ4 ቁጥራቸው ከሆላንዳውያን ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። ወደ እስራኤል በሄዱ ወገኖቻችን ላይ የተሠሩ ጥናቶችም የበሽታ መከላከያ ሴሎቻቸው የነቁ መሆናቸውን አይተው ነገሩን ከአንጀት ጥገኛ ትላትሎች ጋር አያይዘውታል። ይህን መስመር ተከትላችሁ የምትሠሩ ከሆነ ሲዲ4ን መቁጠር ብቻ አይበቃም። የሴሎቹን መንቃት የሚያሳዩት ኤችኤልኤ-ዲአር እና ሲዲ38 ያስፈልጓችኋል፣ ደማቆቹ ቀለሞችም ለእነሱ ይሁኑ። እኔ በበኩሌ ይህ ጥያቄ በራሳችን ላብራቶሪዎች፣ በራሳችን ተማሪዎች ገና ብዙ ሊሠራበት የሚገባ ነው ባይ ነኝ፤ ለዚህም ነው የአንድ ብልቃጥ ምርጫ ይህን ያህል የሚያስጨንቀኝ።

ለምርምር ብቻ የሚለው ጽሑፍ

ብልቃጡ ላይ «ለምርምር ብቻ» ከተባለ ለታካሚ ውጤት አይሰጥበትም። ነጥቡ ይኸው ነው። ለሕክምና ምርመራ የተፈቀደው ምርት ውድ ነው፣ ግን አብሮት የሚመጣው አሠራር የተፈተነ ነው፤ መጠኑንም በራሳችሁ አታሳንሱት። የምርምሩ ብልቃጥ ላይ ግን ነጻነት አላችሁ።

ነጻነቱን ተጠቀሙበት። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ለአንድ ሚሊዮን ሴል 5 ማይክሮሊትር ይላል። ያ መነሻ ነው። በእናንተ ማሽን፣ በእናንተ ናሙና፣ ከ5 ጀምራችሁ በግማሽ በግማሽ እየቀነሳችሁ ሞክሩት፤ ያላቸውና የሌላቸው ሴሎች በደንብ ተራርቀው የሚታዩበትን መጠን ያዙ። ብዙ ጊዜ ከተጻፈው ባነሰ መጠን የተሻለ ሥዕል ታገኛላችሁ፣ የተረፈው አንቲቦዲ ያልሆነ ቦታ ላይ አይጣበቅምና። ብልቃጡም ይበረክታል። ዋጋ ስታነጻጽሩም የብልቃጡን ዋጋ ትታችሁ የአንድ ቱቦን አስሉ፤ ውድ የሚመስለው ብልቃጥ በትንሽ መጠን የሚሠራ ከሆነ ርካሽ ሆኖ ይገኛል።

መጓጓዣና ማስቀመጫ

ቀለም ያለው አንቲቦዲ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጨለማ ውስጥ። አይቀዘቅዝም፣ ማለቴ በረዶ አይሆንም። ፒኢና ኤፒሲ አንዴ በረዶ ከሆኑ አበቃላቸው። ዕቃው ጉምሩክ ላይ ሊቆይ እንደሚችል እያወቃችሁ ዓርብ የሚገባ ጭነት አትቀበሉ፤ አቅራቢው በሳምንቱ መጀመሪያ እንዲያስገባ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ ሲደርስም የሙቀት መመዝገቢያው ይታይ። ትልቅ ብልቃጥ ርካሽ ነው ተብሎ ጊዜው እስኪያልፍ መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጥ ትንሹን ሁለት ጊዜ መግዛት ይሻላል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ጥንድ ቀለሞችን በብዛት ማከማቸት አልመክርም።

ሴሎቹን ከቀለም በኋላ የምታሳድጉ ወይም የምታነቁ ከሆነ ብልቃጡ ውስጥ ሶዲየም አዛይድ መኖር አለመኖሩን እዩ፤ ማቆያ ነው፣ ግን ለሕያው ሴል መርዝ ነው። ያለ አዛይድና በዝቅተኛ ኢንዶቶክሲን (የባክቴሪያ መርዝ) የተዘጋጀውን እዘዙ። ሌላም አለ፦ ሴሎቹን ፒኤምኤ በተባለው ኬሚካል ካነቃችኋቸው ሲዲ4 ከገጻቸው ወደ ውስጥ ይገባል። የትኛውም ክሎን ከዚያ አያድናችሁም። መፍትሔው ሴሉ ከተበሳ በኋላ መቀባት ነው።

አብረው የሚገዙ

አንቲቦዲው ብቻውን አይሠራም። የሞተ ሴል ማንኛውንም አንቲቦዲ ይለጥፋል፣ ስለዚህ የሞተውን የሚለይ ቀለም ግዙ፤ ፊክስ የምታደርጉ ከሆነ ፊክስ የሚችለውን፣ ካልሆነ 7-ኤኤዲ ይበቃል። ሞኖሳይት ያለበት ናሙና ላይ የኤፍሲ ማገጃ (አንቲቦዲው በጅራቱ በኩል እንዳይጣበቅ የሚከለክል) ጨምሩ። የመቆጣጠሪያ ነገር ላይ ሰው ይከራከራል፣ እኔ ግን ለብዙ ቀለም ሥራ የአይሶታይፕ መቆጣጠሪያ (ዓይነቱ አንድ የሆነ ግን ዒላማችሁን የማይይዝ አንቲቦዲ) ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ ከሁሉም ቀለም አንዱን ብቻ እያስቀሩ የሚዘጋጁ ቱቦዎችን እመርጣለሁ፤ ተጨማሪ ብልቃጥ አያስገዙም፣ ያላቸውንና የሌላቸውን ሴሎች የሚለየውን መስመር የት ማስመር እንዳለባችሁም በተሻለ ያሳያሉ።

ለግዢ ክፍል የምትልኩት ስፔሲፊኬሽን ላይ «አንቲ ሲዲ4፣ 100 ቴስት» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ የሚመጣላችሁ ጨረታውን ያሸነፈው ነው። እንዲህ ጻፉት፦ የሰው ሲዲ4፣ ክሎን ኤስኬ3 ወይም አርፒኤ-ቲ4፣ ቀለሙ ይህ፣ ለፍሎው ሳይቶሜትሪ የተፈተነ፣ ሲደርስ ቢያንስ ይህን ያህል ወር የቀረው፣ ሎቱ (የምርት ዙሩ) ለሁሉም ብልቃጥ አንድ ይሁን። ጽሑፍ ስታሳትሙም ክሎኑን፣ ቀለሙን፣ የካታሎግ ቁጥሩንና በአንቲቦዲ መዝገብ ያለውን መለያ ቁጥር አስገቡ፤ ሥራችሁን ጎንደር ወይም ጅማ ላይ የሚደግመው ሰው ከየትኛው ብልቃጥ እንደሚጀምር ያውቃል።